የድንጋዩ ጀርባ

ሥራዬ ድንጋይ ላይ ስም መጻፍ ነው። ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ግድግዳ የምንጋራበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ልብስ ሰፊው በዕድሜ በጣም የሚበልጡኝ ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰፈሩ። እሳቸው የሙሽራ ልብስ ይሰፋሉ፣ እኔ የመቃብር ድንጋይ እጽፋለሁ። አላፊ አግዳሚው "እናንተ ዘንድ የመጣ ሰው ሌላ ሱቅ አያስፈልገውም" እያለ ይቀልድብናል። ሐጂ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዱ ከሰለቸኝ ቆይቷል።

ጠባዬን ከወዲሁ ልናገር። ቁጡ ነኝ። ስሜን የሰደበውን ሰው ልምረው እችላለሁ፣ ፊደሌን የነካብኝን ግን አልምርም። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ የባላቸውን ስም ዐይተው "ይቺ ረ አንገቷ ጠማማ አይደለችም?" ቢሉኝ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ሐጂ በግድግዳው ማዶ ሆነው "ተዋት፣ ቀሚስ ብትሆን እኔ እተኩሳት ነበር" እያሉ ሲያበሽቁኝ ሰነበቱ።

አሁን የማወራው ድንጋይ ግን ያለው ሩቅ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ድብ ባሕርን አልፎ፣ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ዳር። ከመንገዱ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። አንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ለቀናት ሳያባራ የዘነበ ዝናብ ተራራውን አላላውና ከቀትር በኋላ ግማሹን መንደር ከነቤቱ ከነከብቱ ናዳ ተጫነው። የተረፉት አብዛኞቹ ቅዳሴ ላይ የነበሩት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከላይ፣ ዐለቱ ላይ ነው። የሞቱት በዚያ ሰዓት ቤት የቀሩት ናቸው፤ አራሶች፣ ሕመምተኞች፣ ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌዎች። ቆፍሮ ማውጣት አልተቻለም። ናዳው ራሱ መቃብራቸው ሆኖ ቀረ።

ከሞቱት አንዱ የሐጂ ታናሽ ወንድም ነበር። ሻሽ፣ ክርና መርፌ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነበር። ድብ ባሕር ገበያ በዋለ ቁጥር እዚያች መንደር፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ክርስቲያን ሴት ቤት ያድር ነበር። ያን ቀን ግን ገበያው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪናም ነበረለት። ለምን እንደቀረ የነገራቸው የለም። ሐጂ ዓመታት ሙሉ ሲያብሰለስሉት የኖሩት ይኼንኑ ነው። ክር መርፌ ውስጥ እየከተቱ፣ ድንገት ሥራቸውን አቁመው "የቀትር መኪና ነበረለት እኮ። ምነው አልሄደ?" ይሉኛል። እኔም መዶሻዬን አነሣለሁ።

በመጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ሐውልት የሚባል ነገር አልነበረም። የድንጋይ ክምር ነበር። የመንደሩ ሰው ሲያልፍ አንድ ድንጋይ ያኖራል፣ ሾፌሩ ወርዶ አንድ ያኖራል፣ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው አንድ አንድ ያኖራሉ። ሐጂም በዓመት አንድ ጊዜ ሄደው አንድ ድንጋይ ያኖራሉ። ድንጋዩን ከጎንደር፣ በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። "እዚያ አገር ድንጋይ ጠፍቶ ነው እንዴ?" ብላቸው "ይኼ ከአባታችን ግቢ ነው፣ ያውቀዋል" አሉኝ። ክምሩ ላይ ማንም አንዲት ፊደል አልጻፈም፤ ነገር ግን ድንጋይ የሚያኖር ሁሉ ለማን እንደሚያኖር ያውቃል፣ ያላወቀም አጠገቡ ያለውን ይጠይቅና ይነገረዋል። እኔ ያኔ ይኼን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ካልተጻፈ ይጠፋል ባይ ነበርኩ፤ እንጀራዬም ከዚያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሩ ተወላጆች ኮሚቴ አቋቋሙና ሐውልት ለማሠራት ወደ እኔ መጡ። ሰብሳቢው ደባርቅ ያደገ፣ ሸሚዙን የማያስጨማድድ፣ ትሑት ሰው ነበር። አሥራ አራት ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ያመጣው ከደብሩ ቄስ ነው፤ ቄሱ በየዓመቱ በጸሎት ላይ የሚያነቡት እሱን ነበርና ከዚህ በላይ የታመነ መዝገብ ከየት ይመጣል? ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ ጀመርኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ስሞቹ ሁሉ ረጃጅም ናቸው፤ ገብረ፣ ወለተ፣ ኃይለ እያሉ የሚጀምሩ፣ በመላእክትና በጻድቃን የሚያልቁ። እንዲህ ያለ ስም ለጻፊ ድግስ ነው። ሐጂ ሥራው የምን እንደሆነ ሲሰሙ ጠዋት ጠዋት ሻይ ያመጡልኝ ጀመር። ቁርአን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አልቆጠሩም። ድንጋዩ አጠገብ በርጩማ አስጠግተው ይቀመጡና ፊደሎቹን በአመልካች ጣታቸው ይዳስሳሉ። "አላህ እጅህን ይባርከው" ይሉኛል። የትኛው የወንድሜ ነው ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላሰብኩም። አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ ያን ሁሉ ዓመት ስለ አንድ ሰው እያወሩኝ፣ ያ ሰው ወረቀቱ ላይ አለመኖሩን ልብ አላልኩም። ስለ ረ አንገት እንቅልፍ የማጣ ሰው፣ አንድ ሙሉ ሰው አመለጠኝ።

ሐውልቱ በተመረቀ ቀን አብረን ሄድን። ሐጂ ነጭ ለብሰዋል፣ ድንጋያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከየሸንተረሩ ወርዶ ተሰብስቧል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ስም ሲጠራ የሚሆነውን እናውቃለንና ሁላችንም ልባችንን አጽንተን ቆመናል። ሰብሳቢው ድምፁን አሳምሮ የመጀመሪያውን ስም አነበበ።

ዝም።

ሁለተኛውን አነበበ። አንዲት እናት ብቻ "ወየው" ብለው ቁጭ አሉ፤ ሌላው ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ደረት የሚመታ የለም። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው፣ ሁላችን እስክንሰማ "ምነው፣ እኒህ የማን አገር ሰዎች ናቸው?" አሉ።

ለካ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሁሉ የክርስትና ስም ነው። ቄሱ ለፍትሐትና ለጸሎት የሚያነቡት በእሱ ነዋ! እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል። ጎረቤት፣ አብሮ አራሽ፣ ውሃ ስትቀዳ አብራ የምትውል ጓደኛ ግን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም። አሥራ አራቱም ሰዎች፣ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ወገናቸው ፊት ባዕድ ሆነው ቆሙ። ይኼን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ባማረ ፊደል።

ንባቡ ሲያልቅ ሐጂ እጅጌዬን ያዙ። "የእኔስ?" አሉኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ክው አልኩ። ሙስሊም የክርስትና ስም የለውም፤ ስለዚህ የቄሱ ወረቀት ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ ድንጋዩ ላይ የለም። መሬት መሬት ሳይ "ግድ የለም፣ አላህ ያውቀዋል" አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ድንጋያቸውን አውጥተው የሚያኖሩበትን ፈለጉ። ክምሩ የለም። ያ ሁሉ ሰው ለዓመታት ያከማቸው ድንጋይ ለሐውልቱ መሠረት ሆኖ ሲሚንቶ ተለስኖበታል። ሐጂ ዞር ዞር ብለው ዐዩና ድንጋያቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ጎንደር ድረስ በመስኮት ሲያዩ መጡ። እኔም ማፈሬን ለመሸፈን ከመኪናው ረዳት ጋር ስለ ወንበር ተጣላሁ።

ከዚያ በኋላ ሻይ አላቋረጡብኝም፤ ይኼ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለእናቱ መቃብር ድንጋይ ሊያዝ መጣ። "ከድብ ባሕር ወዲያ፣ መንገድ ዳር እንደጻፍከው የአሥራ አራቱ መነኮሳት ድንጋይ አድርገህ ጻፍልኝ" አለኝ። መዶሻዬን አስቀመጥኩ። የምን መነኮሳት? ሾፌሩ ነገሩን አብራርቶ ነገረኝ። በድሮ ጊዜ እዚያ ተራራ ላይ አሥራ አራት መነኮሳትና መነኮሳይያት ሱባኤ እንደያዙ ተሰወሩ፤ ስማቸው ተጽፏል፣ ማንበብ ነው። ተሳፋሪ መኪና እያስቆመ ይሳለመዋል፣ አፈር ዘግኖ የሚሄድም አለ። እሱ ራሱ ለፍሬኑ ሲል ሁልጊዜ ይሳለማል።

ደሜ ፈላ። ሾፌሩ ላይ ጮህኩበት፤ "መነኮሳት አይደሉም! አራሶች ናቸው! ጉልበታቸውን የታመሙ ሽማግሌዎች ናቸው!" ምስኪኑ "ታዲያ አንተው ነህ የጻፍከው" አለኝ። እውነቱን ነው። ክምሩ እያለ ያለፈው ያገደመው እየጠየቀ፣ እየተነገረው ያውቅ ነበር። ጽሑፍ ሲመጣ ጠያቂ ቀረ። ያነበበ ሁሉ ያወቀ መሰለው። ገና ስድስት ወር ሳይሞላ እኔ ብቻዬን አንድ መንደር ገዳም አደረግሁ።

ሐጂ በግድግዳው ማዶ ሁሉንም ሰምተዋል። ሾፌሩ ሲሄድ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። የወንድማቸው ልጅ ልታገባ መሆኗን ነገሩኝ፤ ልብሷንም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። "ከኒካሕ በፊት አባቴ ያለበትን አሳየኝ ብላኛለች" አሉ። "ሐውልት መሠራቱን ሰምታለች። እሷ ደግሞ ታነባለች።" እንዲህ ያለ ልመና ከሐጂ ሰምቼ አላውቅም፤ ልመና መሆኑንም ያወቅሁት ዓይናቸውን ሳይ ነው።

በዚያው ሳምንት ለሰብሳቢው ደወልኩ። "ግንባሩን አልነካም፣ ጸሎት ነው። ጀርባው ግን ባዶ ነው" አልኩት። እሱም በምርቃቱ ቀን ያየው ዝምታ ሲከነክነው ኖሯል፤ ነገሩን ሳልጨርስ እሺ አለኝ። መሮና መዶሻዬን ሸክፌ ወረድኩ።

ያረፍኩት ነጋዴውን ያሳድሩት የነበሩት፣ አብረውት በናዳው የሞቱት ሴት እህት ቤት ነው። እሳቸው ከናዳው የተረፉት ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ነው፤ ዛሬ አርጅተዋል፣ ነገር ግን ምላሳቸው አላረጀም። ገና ዕቃዬን ሳላወርድ "አንተ ነህ ሰዎቻችንን ያመነኮስካቸው?" ብለው ተቀበሉኝ። በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። በእውነት ለመናገር፣ ከአርባ ዓመት ሥራዬ እነዚያን አምስት ቀናት የሚያህል ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። መንደሩ ሁሉ ከጀርባዬ ቆሞ ያጽፈኛል። በየተራ ማጻፍማ የለም፣ በጩኸት ነው። መጀመሪያ በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ ተባለና ክርክር ተነሣ፤ በዕድሜ ያለ አለ፣ በማዕረግ ያለ አለ። ኋላ እኒያ በምርቃቱ ቀን የማን አገር ሰዎች ናቸው ያሉት ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ናዳው ላይ ወጡና "የታችኛው ቤት እዚህ ነበር" ብለው ቆሙ። ሌላው ተነሥቶ ቀጣዩን ቤት ቆመበት። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ ሣር በበቀለበት ናዳ ላይ ሰው በሰው መንደሪቱን መልሰው ዘረጓት። በቤት በቤቱ ጻፍኩ።

ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ። አንዱን ሽማግሌ በስማቸው የጠራቸው ሰው ስላልነበረ ስማቸውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ያገኘነውም ሲሰማ ሁሉም ሳቀ፣ ስሙ እሳቸውን አይመስልም ነበር። አንዲት አራስ ሁለት የቤት ስም ነበራት፣ የባሏ ወገኖችና የእናቷ ወገኖች ተፋጠጡብኝ፣ ሁለቱንም ጻፍኩና ተገላገልኩ። እያንዳንዱ ስም ሲነሣ ታሪኩ አብሮ ይነሣል፤ ማን በቅሎ ይወድ እንደነበር፣ ማን በዘፈን ማንም እንደማይችላት፣ ማን ከማን ጋር በወሰን ተጣልቶ ሳይታረቅ እንደሞተ። እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ያርሙኛል። ስሞቹን እዚህ አልደግማቸውም። ማወቅ የፈለገ በዚያ ሲያልፍ መኪና ያስቁም።

የነጋዴው ተራ ሲደርስ ከሐጂ የተቀበልኩትን ስሙን ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ዐየኝ። ልቤ ተሰበረ፤ እዚህም ረስተውት ኖሯል አልኩ። አሮጊቷ "የምን ሰው ነው?" አሉኝ። ሻሽ የሚሸጠው የጎንደሩ ነጋዴ ስላቸው ጉድ ፈላ።

"አያ ሻሽን ነው እንዴ!"

"አያ ሻሽን ነው እንዲህ የምትለው?"

"አያ ሻሽ በል! አያ ሻሽ ብለህ ጻፍ!"

የእያንዳንዷ ሴት ሠርግ ሻሽ ከእሱ የተገዛ ነበር። የሚያሳድሩት ሴት ለብቻው ድስትና ሰሃን አስቀምጠውለት ነበር፤ ሥጋቸው ስለማይገናኝ ሌላ ሰው አይነካውም፣ ልጆች ዕቃውን ደፍረው ከተገኙ ይገረፋሉ። እኔ ሙግት ያዝኩ፣ ድንጋይ ላይ ቅጽል ስም አይጻፍም አልኩ። ተሸነፍኩ። ስሙን ጽፌ ከሥሩ አያ ሻሽ ብዬ ጨመርኩ፣ ከአሳዳሪዋ ሴት ስም ቀጥሎ፣ እዚያው ቤት። አሮጊቷ ከሥሬ ሆነው ቀስ ብለው "ዘመድ አለው?" አሉኝ። ልጁ ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገርኳቸው። "ሸጋ" አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ቅዳሜ ሐጂና ልጅቱ መጡ። ሕዝቡ ከሐውልቱ ጀርባ ቆመ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን የቤት ስም ስጠራ እንባዬን ሳልዘጋጅበት አመጡት፤ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው "የኔ ናት!" ብሎ ጮኸ። ማንም አላዘዘውም። ሁለተኛውን ስጠራ ሌላዋ "የኔ ነው!" አለች። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፣ አንድም ስም ሳይመለስለት አልቀረም።

የነጋዴው ጋ ስደርስ ሙሉ ስሙን አነበብኩ። ልጅቱ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ በማታውቀው ሰው መሐል ሆና ድምፅ አልወጣት አለ። ሐጂም ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ። ቀጥዬ "አያ ሻሽ" አልኩ።

"የእኛ ነው!" አለ መንደሩ ሁሉ፣ ባንድ አፍ።

ልጅቱ ዞር ብላ ሰዎቹን ዐየች። አሮጊቷ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና እጇን ያዙ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ እርገሚኝ" አሏት። "ያን ቀን የቀትሩን ማኪና ሊሳፈር ዕቃውን አስሮ ነበር። እህቴ ታማ ተኝታለች፤ እኔ ቅዳሴ ልሄድ ነው። እስክወርድ እህቴን እያት፣ አደራ አልኩት። ዕቃውን ፈታና 'ሂጂ እታለም፣ እኔ አለሁ' አለኝ።"

ልጅቱ የአሮጊቷን እጅ ሳትለቅ "እኔ አባቴ ሰው በሌለበት አገር፣ ብቻውን የሞተ ይመስለኝ ነበር" አለች።

ሐጂ እንባቸውን በነጭ ሻሻቸው ጠረጉ። "ወንድሜ አደራ በል አልነበረም" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለራሳቸው። ከኪሳቸው ያንን የአባታቸውን ግቢ ድንጋይ አወጡና ከሐውልቱ ጀርባ፣ እግሩ ሥር አኖሩት። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሌላ ጨመሩ። ስንሄድ ክምሩ ጉልበት ድረስ ደርሶ ነበር።

ኒካሑ ባማረ ሁኔታ ተፈጸመ፤ አሮጊቷም ሊማሊሞን በመኪና ወጥተው መጡና ለብቻቸው በተሠራ ምግብ ተስተናገዱ። እኔና ሐጂ ዛሬም ግድግዳ እንጋራለን። አሁንም ያበሽቁኛል፣ አሁንም እቆጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ክር መርፌ ውስጥ ሲከቱ እጃቸው ቆም ይላል፣ እኔም መዶሻዬን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ክሩ ይገባል፣ ስፌታቸውን ይቀጥላሉ። ስለ ቀትሩ መኪና ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንሥተውብኝ አያውቁም።